እዩኝ ባይ ጎብኚ

ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት አለ። አንበሳ ግን የለም። ድሮ ነበር፤ አሁን የቀረው ድንጋይና ብረት ነው። እንዲያም ሆኖ እዚያ ትንሽ ቆም ብላችሁ ጎብኚውን ብትታዘቡ ትስቃላችሁ። አንዱ እንደ አንበሳ ያገሳል። ሌላው ብረቱን ይዞ ይነቀንቃል። አንዱ አባት ልጁን ወደ ውስጥ አስጠግቶ፣ ስልኩን እያስተካከለ፣ «በል ጩህ!» ይላል። ባዶ ቤት እኮ ነው!

እኔ ጎንደር ነው ተወልጄ ያደግኩት። እንግዳ ሲመጣ ማስጎብኘቱ የእኔ ዕጣ ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ የእህቴ ጓደኞች ይመጣሉ፣ ከውጭ የገባም ይጨመራል። ቤተ መንግሥቱ ላይ ብዙም አያስቸግሩኝም። ግፋ ቢል ግድግዳ ላይ ስም ልጻፍ የሚል ይገኛል፣ እሱንም እንቆጣዋለን። የእንስሳ ነገር ሲመጣ ግን ጨዋው ሰው ሁሉ ይለወጥብኛል። ብዙ ካየሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው እንስሳ ለማየት አይደለም። እንስሳው እንዲያየው ነው። ፉጨቱም፣ ጠጠሩም፣ ብስኩቱም፣ ብረት መደብደቡም ዞሮ ዞሮ «እዚህ ነኝ፣ እየኝ!» ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1948፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው ነው። የእነዚያ አንበሶች ጎፈር ጥቁር ነው። ጥቁረቱ አንገታቸው ላይ አይቆምም፤ ደረታቸውን አልፎ ሆዳቸው ድረስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ታዲያ እንዲህ ያለ ፍጡር ፊት የቆመ ሰው ምን ይላል?

«ሞቷል እንዴ?»

ይህን ያለው ሱፍ የለበሰ፣ ሸበቶ፣ ሲያዩት የሚያስከብር ሰው ነው። አንበሳው ጥግ ይዞ ተጋድሟል። ሰውየው አፏጨ። አጨበጨበ። አልሆን ሲለው የያዘውን የሃይላንድ ክዳን ወረወረ። ክዳኑ አንበሳው አጠገብ አረፈ፤ ጆሮው ነቅነቅ አለች፣ በቃ። «ተነስ እንጂ! ከፍለን እኮ ነው የገባነው!» አለ። ለአንበሳው ነው የሚናገረው።

ጠባቂው መጣ፤ ገና ልጅ ነው። «አባቴ፣ እባክዎን አይወርውሩ፤ ዕረፍት ላይ ነው» አለ።

«ሙሉ ቀን ዕረፍት?»

አዎ፣ ሙሉ ቀን። አንበሳ ዱር ውስጥም ቢሆን ከ24 ሰዓት 20 ያህሉን ተጋድሞ ሊያሳልፈው ይችላል። የሚንቀሳቀሰው ሲመሽ፣ ሌሊትና ጎህ ሲቀድ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሄዶ «አንበሳ ለምን ተኛ?» ማለት፣ እኩለ ሌሊት የሰው በር አንኳኩቶ «ለምን አልተነሳችሁም?» እንደማለት ነው። ሽማግሌው ግን አኩርፎ ሄደ። ልጁም ክዳኗን በረጅም እንጨት ለማውጣት ሲታገል ትቼው ወጣሁ።

ክዳን ቀላል ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንዶኔዥያ ሱራባያ ውስጥ የሞተች ቀጭኔ ሆዷ ሲከፈት ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን የፕላስቲክ ድቡልቡል ተገኝቶባታል። ጎብኚ አጥር ውስጥ የጣለው የምግብ መጠቅለያ ነው፣ በየጊዜው እየዋጠች ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመ። ማንም ሊገድላት ብሎ አልወረወረም። እያንዳንዱ አንዲት ፌስታል ነው የጣለው።

በእኛ በኩል ግን ዋናው የስሜን ተራሮች ፓርክ ነው። እዚያ አጥር የለም፣ ብረት የለም። ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ የያዘ የፓርክ አጃቢ፣ ይመደብላችኋል፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ሳንቃበር ካምፕ ሳትደርሱ ጭላዳ ዝንጀሮው ሜዳው ላይ ፈሶ ይጠብቃችኋል።

ጭላዳ ሲግጥ ያላየ ብዙ ቀርቶበታል። ቁጭ ብሎ ነው የሚግጠው። በሁለቱም እጆቹ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ፣ ሣሩን ቅንጥብ ቅንጥብ ያደርጋል። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ያለበት ቦታ ሲያልቅበት አይነሳም፤ በመቀመጫው ሸርተት ብሎ ፈቀቅ ይልና እንደገና ይጀምራል። ከምግቡ 90 በመቶ ያህሉ ሣር ነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን እንዲህ ሣር ግጦ የሚኖር ሌላ የለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም በዱር አይገኝም። ሲመሽ ገደል ይወርዳል፤ ጅብና ነብር የማይደርስበት የገደል ጠርዝ ላይ ያድራል። አጠገቡ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ የሣሩ መቆረጥ ይሰማችኋል። እናቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ግልገሎቹ ይጨቃጨቃሉ።

ግን ማን ዝም ይላል!

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ እንግዶች ይዤ ወጥቼ ነበር። ከእነሱ ጋር የተዳበለ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ቲክቶክ ላይ እሠራለሁ ባይ። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ፊት ተንበረከከ። በአንድ እጁ ብስኩት፣ በሌላው ስልክ። ጭላዳው መጀመሪያ ቅንድቡን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ነጣ ያለ የዓይን ቆቡን አሳየው። ልጁ አልገባውም። ጠጋ አለ። ይሄኔ ጭላዳው የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገለበጠው። አፍንጫው ተሸፈነ፤ ድዱና ክራንቻው ሙሉ በሙሉ ወጣ። የወንድ ጭላዳ ክራንቻ ቀልድ አይደለም።

«ሳቀልኝ! አያችሁ? ሳቀልኝ!» ብሎ ልጁም ጥርሱን ገለፈጠ።

ስካውታችን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ብድግ አለ። «አንተ ልጅ! ጥርስህን ክደን!» አለው። «እየሳቀ አይደለም። ተው እያለህ ነው።» ልጁን በክንዱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ሁላችንም ሳቅን፤ ስካውቱ ብቻ አልሳቀም።

ስለ ቦኪቶ የሰማ ሰው አይስቅም ነበር። ቦኪቶ ሆላንድ ሮተርዳም ያለ ጎሪላ ነበር። አንዲት ሴት በሳምንት ብዙ ጊዜ እየሄደች ፊት ለፊቱ ትቆማለች፣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ ፈገግ ትላለች። እሱም መልሶ ፈገግ እንደሚልላት ታምን ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2007 ጎሪላው የውሃውን ቦይ ተሻግሮ ወጣና እሷን ለይቶ ያዛት። ጎተታት፣ ነከሳት፣ አጥንቷን ሰበረ። ነፍሷ ተርፏል። በኋላ አንድ የመድን ድርጅት ለጎብኚዎች የካርቶን መነጽር አደለ፤ ላዩ ላይ ወደ ጎን የሚያይ ዓይን የተሳለበት። ያደረገው ሰው ጎሪላውን እያየ ያላየው እንዲመስል ነው። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ይላሉ የኛ ሰዎች። መነጽሩን ያዩት አይመስለኝም እንጂ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ብስኩቱ ነው። ምክንያቱም ሰጪው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። «አሳዝኖኝ ነው» ይላል። ሣር ሙሉ ሜዳ ላይ የተቀመጠ እንስሳ ምኑ ያሳዝናል? ብስኩት የቀመሰ ጭላዳ ሰው ባየ ቁጥር መጠበቅ ይጀምራል። ከመጠበቅ ወደ መቀማት መንገዱ አጭር ነው። ጎብኚው በነጋታው ላሊበላ ይሄዳል ወይም አውሮፕላን ይሳፈራል። ሰው መፍራት ያቆመው ጭላዳ ግን እዚያው ነው። ቀጥሎ የሚሄደው የገበሬው ገብስ ውስጥ ነው። ድሮም ቢሆን ከጭላዳ ጋር ሲባረር የሚውለው የገበሬው ልጅ ነው፤ አሁን ደግሞ የማይደነግጥ ጭላዳ እናሳድግለታለን።

የግጭ ሰዎችን ሳስብ ይብስብኛል። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በዚህ መሀል የግጭ ነዋሪዎች ቤታቸውን፣ እርሻቸውን፣ የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ይሄ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ደባርቅ ላይ ብትጠይቁ የምትሰሙት አንድ ዓይነት መልስ አይደለም። ብቻ ሰው ለዋልያና ለጭላዳ ብሎ አገሩን ለቋል። እኛ ብስኩታችንን ኪሳችን ውስጥ ማቆየት ያቅተናል።

ሌሎቹን ጥፋቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ስፒከር ይዞ የሚመጣ አለ። ተራራ ላይ ዘፈን ካልተከፈተ ሽርሽር አይመስለውም። ጉንፋን ይዞት ግልገል ካላቀፍኩ የሚል አለ፤ የእኛ የሳንባ በሽታ ወደ ዝንጀሮ ዘሮች እንደሚተላለፍ የሚነግረው የለም። «ሁሉን አውቃለሁ» ባይም አለ። አንዱ ለሚስቱ የጭላዳውን ቀይ ደረት እያሳየ «ነብር ቦጭቆት ነው፣ ምስኪን» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁስል አይደለም፣ ፀጉር የሌለው ቆዳ ነው። የወንዱ ደረት ቅላት ኃይሉን ያሳያል። ሚስትየው ዞር ብላ ያንን ሁሉ ጭላዳ አየችና «ሁሉንም ቦጨቃቸው?» አለችው። ወደድኳት።

ይህን ሳወራ «የሐረርስ ጅብ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ ሌላ ነው። እዚያ የሚያበላው የታወቀ ሰው ነው። ጅቦቹን በስም ይጠራል፣ ጅቦቹም ያውቁታል፣ እንግዳውም ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ማንም ከመኪና ወርዶ ሥጋ አይወረውርም። ስሜን የወጣው ጎረምሳ ግን ያንን ጭላዳ በስም አያውቀውም።

ሕፃናት ናቸው የሚያስቸግሩት ይባላል። እኔ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ ሣር ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አንዲት እናት የልጇን ጀርባ ፀጉር እየፈለቀቀች ስትቀምል ስታይ ቆየች። ፎቶ አልጠየቀችም። «ቅማሉን ትበላዋለች?» አለችኝ በሹክሹክታ። የምትበላውን እኛም ቀርበን አላየንም፣ አብረን ማየት ቀጠልን። ከኋላችን አባቷ «ነይ ተነሽ፣ ሌላ ቦታ አለ!» እያለ ይጣራል። ልጅ ትዕግሥት የለውም የሚሉ ሰዎች ትልቅ ሰው ይዘው ስሜን ወጥተው አያውቁም።

ለጥምቀት ደግሞ እንግዳ አለብኝ። መንገዱ ደህና ከሆነ ስሜን እንወጣለን ተባብለናል። ትናንት አክስቴ ስትደውል ከወዲሁ ሕግ አወጣሁ። ብስኩት የለም፣ ሙዝ የለም፣ ስፒከር የለም፣ መጠጋት የለም።

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

«ልናይ ነዋ፣ እትዬ።»

«ማየት ብቻ?»

«ማየት ብቻ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ቆሎ ግን እይዛለሁ። ለእኔ ነው።»