መቶ ነጥብ አራት

እህቴ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ወለደች። እማዬ ቀደም ብላ ሄዳ አራስ ቤቱን ይዛለች። እኔ የደረስኩት ልጁ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ነው፣ ጥር ውስጥ። የሻንጣዬ ግማሽ የአጥሚት እህል፣ በሶና ሽሮ ነበር።

ከአየር ማረፊያ የወሰደኝ ሾፌር ሐበሻ ነው። ገና በሩን ስከፍት «ዛሬ ዕድለኛ ነህ፣ 45 ነው» አለኝ። 45 ሲባል እኔ የማውቀው አፋርን ነው። ከመንገዱ ዳር ግን በረዶ ተቆልሏል፣ እጄም ከኪሴ አልወጣ ብሏል። የሱ 45 አሜሪካኖች ሙቀት በሚለኩበት በፋራናይት ነው። በኛው ሴልሺየስ 7 ገደማ።

«30 ቀንስና ለሁለት አካፍል» አለኝ። 45 ላይ 30 ሲቀነስ 15፣ ለሁለት ሲካፈል ሰባት ተኩል። በጣም ደስ አለኝ። ወረቀትም ስልክም አይፈልግም። መንገዱን ሁሉ በየባንኩ ሰሌዳ ላይ የሚበራውን ቁጥር እየቀነስኩ፣ እያካፈልኩ ሄድኩ።

ስለ ዴንቨር ብርድ ስጠይቀው የ2022ቱን ነገረኝ (እ.ኤ.አ.)። በነሱ ዲሴምበር 21 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 37 ዲግሪ ወረደ። እኔ ወዲያው 30 ቀነስኩና ለሁለት አካፈልኩ። ሦስት ተኩል። ይሄማ አዲስ አበባም ፀሐይ በደመና ስትሸፈን የሚሆን ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ከ42 ወደ 5 ነው የወረደው። ሁለቱን ለየብቻ ቀይራቸው» አለ። 42 ማለት 6 ገደማ ነው። 5 ማለት ከዜሮ በታች 15። በአንድ ሰዓት 21 ዲግሪ ማለት ነው፣ በኛው አቆጣጠር! ሹራብ ብቻ ለብሶ ሱቅ የሄደ ሰው ሲመለስ ሌላ ወቅት ውስጥ ነው ያለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ገባኝ። በፋራናይት ውሃ በረዶ የሚሆነው 32 ላይ፣ የሚፈላው 212 ላይ ነው። በመሀል 180 እርከን አለ። በሴልሺየስ ያው ርቀት 100 እርከን ነው። ስለዚህ የኛ አንድ ዲግሪ የነሱ 1.8 ነው። 32ቱ መነሻው የት እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ስንት ሆነ ሲባል 32ቱ ይቀነሳል። ስንት ወረደ ወይም ስንት ጨመረ ሲባል ግን አይነካም፣ ለ1.8 ማካፈል ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ እማዬ ገንፎ እያገነፋች ነበር። ጉንጬን ስማኝ ሳትጨርስ «የዚህ አገር ውሃ ጎበዝ ነው፣ ድንቹም ባቄላውም ቶሎ ይበስላል» አለችኝ። እህቴ ደግሞ ጎረቤቶቿ ተቃራኒውን እንደሚሉ ነገረችኝ። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጡት ዴንቨር ላይ ባቄላ አልበስል እያለ ያስቸግራል ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እህቴ ሥጋ ውስጥ የሚሰካ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ነበራት። በሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። 203 ላይ ቆመ፣ ከዚያ አላለፈም። 95 ሴልሺየስ ማለት ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ሳይግል ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ከዴንቨርም ከ700 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ እኛ ቤት ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሁሉ ያበሰለችው በ92 ነው። ሦስት ዲግሪ ተጨመረላትና ድስቱ ውስጥ አወቀችው። ጎረቤቶቹ ደግሞ ውሃ በ100 ከሚፈላበት ስለመጡ አምስት ዲግሪ ተቀንሶባቸዋል።

ዋናው ነገር የሆነው በአራተኛው ሌሊት ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ልጁ ጡት አልይዝም አለ። ማልቀሱም እንደሌላው ቀን አይደለም፣ ደከም ያለ ነው። እማዬ የእጇን ጀርባ አንገቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ልብሱን ገልጣ ሆዱን ነካች። «ገላው ይፋጃል» አለች።

እህቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እንዳሳዩዋት በመቀመጫው ለካችው። ቴርሞሜትሩ ጮኸ። 100.6።

እህቴ ቁጥሩን አየችው፣ እንቅልፍ ካየች ግን ቀናት አልፈዋል። እኔን አየችኝ። እኔም 30 ቀንሼ ለሁለት አካፈልኩ። «35 ነው፣ ትኩሳት የለውም» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። አራት ቀን ሙሉ ያልከዳኝ ዘዴ ነው።

እማዬ እጇን ከሆዱ ላይ አላነሳችም። «35 ከሆነማ ቀዝቅዞ ነበር። እጄ የያዘው ይሄ ነው፣ አይዋሽም። እንደገና ቁጠር ልጄ።»

ስልኬን አወጣሁና በትክክለኛው መንገድ ሠራሁት። 100.6 ላይ 32 ሲቀነስ 68.6። ለ1.8 ሲካፈል 38.1። እግሬ ከዳኝ። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የሆስፒታሉ ወረቀት በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፤ ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 100.4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዓት ሳትመርጡ ደውሉ። ደወልን። በአማርኛ አስተርጓሚ አገናኙን፣ እማዬም ሰማች። ምንም የትኩሳት መድኃኒት ሳትሰጡት አሁኑኑ ይዛችሁት ኑ ተባልን።

የጨቅላ ትኩሳት እንደ ትልቅ ሰው ትኩሳት አይደለም። የመከላከል አቅሙ ገና ነው፤ ከባድ ኢንፌክሽን ኖሮበት ከትኩሳት በቀር ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ 38 ላይ አይጠበቅም። ደምና ሽንት ወሰዱለት፣ ከጀርባው ፈሳሽም ቀዱ። እህቴ ያን ማየት አልቻለችም፣ እማዬ ናት አጠገቡ የቆመችው። ሁለት ሌሊት አደርን። ባክቴሪያ አልተገኘበትም። በሦስተኛው ቀን ጡቱን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ እማዬ እልል አለች፣ ነርሷም አብራ ሳቀች።

በነዚያ ሁለት ሌሊቶች ወንበር ላይ ተቀምጬ ያ ዘዴ ለምን እንዳሳተኝ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ዘዴው ሁለት ስህተት አለው፣ በ32 ፈንታ 30፣ በ1.8 ፈንታ 2። 50 ፋራናይት ላይ ሁለቱ ስህተቶች ልክ ይሰራረዛሉ፤ 50 በትክክል 10 ነው። ከ50 በራቅን ቁጥር ስህተቱ ያድጋል። 100 ላይ ሲደረስ ወደ ሦስት ዲግሪ ይጎድላል። ለአየር ሁኔታ ሦስት ዲግሪ ጃኬት ልልበስ ወይስ ጋቢ ይበቃኛል ነው። ለሰው ገላ ግን ሦስት ዲግሪ ከጤነኛ እስከ አስጊ ያለው መንገድ ሁሉ ነው።

ሌላም ነገር ከነከነኝ። 100.4 የሚባል ቁጥር ከየት መጣ? ሰው ወሰን ሲያበጅ 100 ይላል፣ ወይ 101 ይላል። ያ ነጥብ አራት ምንድን ነው? 38ን በ1.8 አባዛሁና 32 ጨመርኩበት። 100.4 ወጣ። ወሰኑ መጀመሪያውኑ 38 ነበር ማለት ነው፣ የፋራናይት ልብስ አልብሰውት ነው። 98.6ም እንደዚያው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊሽ በ1868 (እ.ኤ.አ.) የሰው ገላ ሙቀት በአማካይ 37 ነው ብሎ ጻፈ፤ 37 ሲቀየር 98.6 ሆነ። ያ ነጥብ ስድስት ጥንቃቄ የበዛበት ልኬት ይመስላል እንጂ ከቅየራ የተረፈ ነው። የጤነኛ ሰው ሙቀት ጠዋትና ማታ እንኳ ይለያያል።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ባየሁ ቁጥር የት እንደተወለደ እፈልጋለሁ። የእህቴ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ከ36 እስከ 46 ዲግሪ አስቀምጡ ይላል። ግራ የሚያጋባ ቁጥር ነው፣ ከ2 እስከ 8 ሴልሺየስ መሆኑን እስክታውቁ። በተገላቢጦሽ እማዬ ድፎ የጋገረችበት ኦቨን 350 ላይ ይደረጋል። ወደኛው ሲመጣ 177 ነው። 177 ብሎ የሚጀምር ጋጋሪ የለም፤ ያ ቁጥር የተወለደው እዚያው በፋራናይት አገር ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች የአውሮፓ ልጆች ናቸው። ዳንኤል ጋብሪኤል ፋራናይት ዳንዚግ ተወልዶ ሆላንድ የኖረ ቴርሞሜትር ሠሪ ነው። በ1724 (እ.ኤ.አ.) መለኪያውን ሲያሳትም ዜሮን ያኖረው በረዶ፣ ውሃና የአሞኒየም ጨው ሲደባለቁ በሚደርሱበት ብርድ ላይ ነው። የሰው ገላ ሙቀት በሱ ቁጥር 96 ነበር። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 (እ.ኤ.አ.) መጣ። የሱ ደግሞ የሚገርመው ተገልብጦ መጀመሩ ነው፣ ውሃ የሚፈላው 0 ላይ፣ በረዶ የሚሆነው 100 ላይ። ዛሬ ወደምናውቀው የተገለበጠው በኋላ ነው።

የእህቴ ቴርሞሜትር ማብሪያውን ተጭኖ ሲያዝ ወደ ሴልሺየስ ይቀየራል። ልቀይርላት ስል «ተወው» አለችኝ። «በደወልኩ ቁጥር ስንት ነው የሚሉኝ በነሱ ነው። በእንቅልፍ ልቤ ሁለት ቁጥር አልይዝም።» ልክ ናት። ቁጥሩን መቀየር አንድ የምታውቀውን ሰው በሌላ ስም እንደመጥራት ነው፣ በተለይ በችግር ሰዓት። ስለዚህ ለእማዬ ወረቀት ጻፍኩላትና ከሆስፒታሉ ወረቀት ጎን ለጠፍኩት። 98.6 የኛ 37 ነው። 100.4 የኛ 38 ነው፣ በቀይ። 104 የኛ 40። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ድሮ እኛን ትለካ የነበረው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር 37 ላይ ቀይ ምልክት ነበረው። «ቀዩ ከ37 ወደ 38 ሄደ?» አለች። 38 ሕፃኑን ሐኪም ቤት ይዞ የመሄጃው ቁጥር ነው አልኳት።

የተመለስኩበት ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እማዬ ልጁን ታቅፋ በር ላይ ቆመች።

«ውጭው ስንት ነው?»

«በነሱ 14።»

«በኛስ?»

«ከዜሮ በታች 10።»

ልጁን ለእህቴ አቀበለችና ጋቢዋን አውልቃ ከጃኬቴ ላይ ደረበችልኝ።