ከስልኩ በፊት ዳዊቱ

ዛሬ ሰኞ ነው፤ የመዝሙረ ዳዊቱ የዕለት ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30። ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ለሚገባ ሰው ሠላሳውን ባንዴ ልድገም ማለት ረቡዕ ላይ መተው ነው። ጠዋት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ይበቃል።

የሚያበላሸው ስልኩ ነው። ለማንቂያ ይነሣል፣ ፌስቡክ ይከፈታል፣ ሰርቪሱ ይደርሳል። (ይህንን ሳትጸልዩ የምታነቡ ካላችሁ ዝጉት!) ማታውኑ ስልኩን ከአልጋ አርቃችሁ ሰክታችሁ፣ ዳዊቱን ገልጣችሁ ተኙ። ደሴ ያላችሁ ጋቢውንም ራስጌ አድርጉ፤ ብርዱ ከአልጋ አያስወርድም። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሳይተኛ ይድገም፤ “ተኝቼ ስነሣ” ካለ ቀኑ አለቀ።

አሥራትም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ እንደገባ፣ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ በፊት ይለያል። ከ6,000 ብር 600ውን ያኔውኑ በፖስታ አስቀምጡ። ወር መጨረሻ ከሆነማ በዚህ ኑሮ ምን ተርፎ!