ሃያ ቁልፍ

ትናንት ማታ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄደ። የእህቴ ልጅ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ «ጋሼ፣ ሳላስቀምጠው!» ብሎ ጮኸ።

የኮምፒውተር ጨዋታው ፋልከን 4.0 ነው፤ ኤፍ-16 የተባለውን የጦር አውሮፕላን የሚያበሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ከልጁ በዕድሜ የሚበልጥ። አብራሪው ፊት ሁለት ስክሪኖች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ዙሪያ ሃያ ቁልፍ። አንድ ሰዓት ሙሉ ራዳሩን በግራ፣ ካርታውን በቀኝ ሲያደራጅ ነበር። (እኔ የልብስ ማጠቢያው ቁልፎች እንኳ ግራ ያጋቡኛል።)

ሻማ አበራሁ። የሂሳብ ደብተሩን ገልጦ ሁለት ካሬ ሳለ፤ በየጎኑ አምስት አምስት ነጥብ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በአየር ላይ እየጫነ፣ የትኛው ቁልፍ የቱን ገጽ እንደሚያመጣ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። አንዱን ሦስት ጊዜ ሰረዘው። ሻማው እስኪጋመስ ድረስ አላናገርኩትም።

መብራቱ ሲመጣ ሁሉንም መልሶ ደረደረ። ኪቦርዱ ላይ ኦልትንና ሲን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ኤስን ተጫነ፤ ምርጫው ተቀመጠ።

እኔ ግን የእናቴ የረከቦት አደራደር ትዝ አለኝ። የትኛው ሲኒ የት እንደሚቀመጥ ማናችንም አልጻፍነውም። እሷ ካረፈች ወዲህ እህቴ በየበዓሉ በተለያየ መልክ ትደረድረዋለች።