ጅሬን ላይ ያገኘኋቸው ንጉሥ

ጅማ የገባሁት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከወልቂጤ በኋላ ያለው የጊቤ ቁልቁለት ቀኑን ይበላዋል። ከዚያ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ዓይን እስኪጠግብ አረንጓዴ።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ የድሮው የጅማ ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ወጣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዳገቱ ጭቃ ነው። ሹፌሩ «አባ ጅፋር ጋ ነው አይደል?» አለኝ። ንጉሡ ቤት ያሉ ነው የሚመስለው አጠያየቁ፤ ደስ አለኝ።

ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ነው። የሰገነቱን መደገፊያ በእጄ ዳሰስኩት፣ ከስንት ዘመን መዳፍ በኋላ ልስልስ ብሏል። ከዚያ ላይ ከተማዋ ከነጉሟ ከእግርህ ሥር ተዘርግታ ትታያለች።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ 17 ዓመት ገደማቸው ነበር። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲገፋ ፈረሰኛም ሀብትም ነበራቸው፣ መዋጋት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ግብር ልክፈል፣ አገሬን ግን እኔው ላስተዳድር ብለው ተስማሙ። የመከሯቸው እናታቸው ጉሚቲ ናቸው ይባላል። ወላይታ በ1894፣ ከፋ በ1897 በጦርነት ሲደቁ የጅማው የሂርማታ ገበያ አልተዘጋም፣ ቡናው አልተቃጠለም። እሳቸውም በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ጅማ በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር ኖረች።

ንጹሕ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ሂርማታ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር። ወላይታና ከፋ ላይ በተዘመተ ጊዜ የጅማ ሰዎችም ከዘማቾቹ ጋር ነበሩ። ይህን ደብቄ ባወድሳቸው ያን ጊዜ የተሸጡትን ሰዎች ሁለተኛ እንደ መሸጥ ነው የሚሆንብኝ።

ግን እኛ ያደግነው ፎክሮ ለሞተ እየዘፈንን ነው። ሕዝቡን በሕይወት ያሻገረ መሪ ዘፈን የለውም፤ ክብሩን ዋጥ አድርጎ፣ ጎረምሶቹ «ፈሪ» ቢሉት ችሎ፣ የነገውን ያየ ሰው በየዘመኑ ስንት ይገኛል? ማንዴላ ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አገራችን መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ሰው፣ 27 ዓመት ታስረው ወጥተው ከአሳሪዎቻቸው ጋር ጠረጴዛ ከበቡ፣ ከዚያም አንድ የሥልጣን ዘመን ብቻ ገዝተው በ1999 በቃኝ አሉ። አገሩም ዘመኑም ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም እልህን ማሸነፍ ችለዋል። በዚህ ሰሞን ዜና በሰማሁ ቁጥር እንዲህ ያለ ሰው ይናፍቀኛል።

ልወርድ ስል የተማሪዎች ቡድን መጣ። አስጎብኚው ኦሮምኛና አማርኛ እየቀያየረ ያስረዳቸዋል። ስለ ንግሣቸው ሲነግራቸው አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣ።

«በ17 ዓመታቸው? ወንድሜ እኮ 17 ዓመቱ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ ሰገነቱ ላይ ቀርቶ፣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል ከተማዋን ያያል። መምህሩ ሁለቴ ጠራው። አልሰማም።