«ቀልጧል» ብሎ የፈረመው አማካሪ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ያለ አንድ ቢሮ ለደቻቱ ወንዝ የጎርፍ ካርታ ሊሠራ ተነሣና መጀመሪያ ሠራተኞቹን የራዳር ምስል ማንበብ እንዲለማመዱ አደረገ። መለማመጃው ደግሞ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የአንታርክቲካ የበረዶ ግግር! የሰማ ሁሉ ሳቀ። ምርጫው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሴንቲነል-1 ሳተላይት ምስል በነፃ ይወርዳል፤ ራዳር ስለሆነ ደመናም ሆነ የዋልታው ረጅም ሌሊት አያግደውም፤ ትልቅ ግግር ደግሞ ስም፣ ቁጥርና በየሳምንቱ የሚታደስ መገኛ ስላለው ተለማማጁ ሥራውን የሚያመሳክርበት ነገር አያጣም።

ስሙን የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶ ማዕከል ነው። አንታርክቲካ በአራት ትከፈላለች፤ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ኤ ነው፣ ከዚያ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይዞራል። ረጅም ጎኑ 10 የባሕር ማይል የደረሰ ግግር ቁጥር ያገኛል። ሲሰበር ቁራጮቹ መጨረሻ ላይ ፊደል ይጨመርላቸዋል። ኤ-23ኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1986 ከፊልችነር የበረዶ መደብ (ከየብስ ወጥቶ ባሕር ላይ ከተንሳፈፈ ወፍራም በረዶ) ተገንጥሎ ዌዴል ባሕር ወለል ላይ ተቀርቅሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር።

ጠቡ የተነሣው በጥር ምስል ላይ ነው። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነጭ ሆኖ ሲታይ የከረመው ግግር የለም፤ የሚታየው አንድ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። አማካሪው ስላይዱን ሳይጨርስ ፈረደ።

«ቀልጧል። እዚያ አሁን በጋቸው ነው።»

ከኋላ የተቀመጠች የድሬ ልጅ እጇን አነሣች። «ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ ውፍረቱ ስንት ነበር ያሉን?»

«ሁለት መቶ ሜትር ገደማ።»

«በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ደግሞ?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«ታዲያ ሁለት መቶ ሜትር በረዶ በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ?»

«እህቴ፣ ባሕር ላይ ያለ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይገመትም።»

«እሺ ኢንጂነር። ያ ጥቁሩ ነገር ግን ይለካልን።»

አጠገቧ ያለው ልጅ «አቦ፣ ለኩትና እንየው!» አለ። ተለካ። ጥቁሩ ቅርጽ የታኅሣሡ ነጭ ግግር ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ርዝመቱ ያው፣ አንድ ጥጉ ላይ የነበረው ጎድጓዳ ስባሪ ያው፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዞሯል። አማካሪው መነጽሩን አወለቀና የሻይ ሰዓት ደርሷል አለ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ቅዝቃዜ ላይ ያለ ደረቅ በረዶ የሲ-ባንድ ሞገድን (ሴንቲነል-1 የሚልከውን የራዳር ሞገድ) ሜትሮች ያህል ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሞገዱ ውስጥ ካለው ጥራጥሬና የበረዶ ንጣፍ እየተጋጨ ይመለሳል፣ ምስሉም ይነጣል። በበጋ ላይኛው ፊት ሲሟሽሽ በጥራጥሬዎቹ መካከል ትንሽ ውኃ ይገባል። ያቺ ትንሽ ውኃ ሞገዱን ትውጠዋለች፣ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በታች አያልፍም፣ ግግሩም ይጠቁራል። በዚያ ላይ ነፋስ ባሕሩን ካናወጠው ዙሪያው ይነጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይገለበጣል። መከራው ባሕሩም ግግሩም እኩል ግራጫ የሆኑ ቀን ነው። ያን ጊዜ ወደ ራዳሩ የዞረውን ገደል መፈለግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ይታያል።

ሥራው በሙሉ በስድስት ቅደም ተከተል ያልቃል ብሎ የሚያስተምር ሰው ቢኖር አትመኑት፤ ግን መሠረቱ ይህ ነው። የምሕዋር ፋይሉን (የሳተላይቱን ትክክለኛ መገኛ) ማስገባት፣ የሙቀት ጫጫታውን ማስወገድ፣ ካሊብሬሽን (የምስሉን ቁጥር ወደ ትክክለኛ የሞገድ መለኪያ ማምጣት)፣ ነጠብጣቡን ማለስለስ፣ ወደ ዴሲቤል መለኪያ መቀየር፣ ከዚያ በዋልታ ስቴሪዮግራፊክ ካርታ ላይ፣ ማለትም ዋልታውን መሃል ባደረገ ካርታ ላይ መጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፤ በዚህ ካርታ ላይ ወደ ላይ ማለት ሰሜን ማለት አይደለም፣ ግግሩ ወደ ምሥራቅ ሄደ ብሎ የጻፈ ሰው ሲመረመር ወደ ሰሜን ሆኖ ይገኛል። ሰፊው የምስል ዓይነት 400 ኪሎ ሜትር በአንዴ ስለሚሸፍን ለዚህ ሥራ እሱ ይበቃል። የኤችቪ ቻናሉ (ሞገዱ በአግድም ተልኮ በቁም የሚነበብበት) ላይ የሚታዩት ቀጥ ያሉ መስመሮች የመሣሪያው ጫጫታ ናቸው፤ የበረዶ ስንጥቅ ብሎ የሚስላቸው አይጠፋም።

ጠፋ የተባለ ሁሉ ጠፍቶ እንደማይቀር ደግሞ የቆየ ምስክር አለ። ከትዌይትስ የበረዶ ወንዝ የመጣው ቢ-10ኤ ከዕይታ ወጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የባሕር ነፋስ ለመለካት የተላከው ክዊክስካት ሳተላይት ድሬክ መተላለፊያ ላይ አገኘው። የመሣሪያው ምስል ሻካራ ነበር፣ ግን በየቀኑ ያይ ነበር፤ ትልቅ ነገር ለመከታተል ከጥራት ይልቅ መደጋገም ይጠቅማል።

ወደ ቢሮው እንመለስ። አማካሪው ከሻይ በኋላ የልጅቷን ነገር ተቀበለ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ተቀበለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቁር የሆነ ሁሉ ለእሱ እርጥብ ነው። የደቻቱ ካርታ ረቂቅ ሲመጣ የወንዙ አልጋ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ምስሉ ግን የተነሣው በደረቁ ወቅት ነው። ደረቅና ለስላሳ አሸዋም ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አንሸራቶ ይልከዋል ወይም ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ወደ ሳተላይቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ ራዳር ላይ ከረጋ ውኃ ጋር ይመሳሰላል። በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሰው ባለቀበት ከተማ ይህን መሳሳት ቀልድ አይደለም፤ ሁሌ ሰማያዊ የሆነ ካርታ እውነተኛው ጎርፍ የመጣ ቀን ምንም አይናገርም።

ልጅቷ አሁንም «ኢንጂነር፣ ይቅርታ» ብላ ጀመረች። የቢሮው ዘበኛ በዚያ አሸዋ ተሻግሮ በእግሩ ሥራ እንደገባ ነገረችው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከደረቁ ወቅት የተወሰዱ በርካታ ምስሎችን አማካይ አውጥቶ ከጎርፉ ቀን ምስል መቀነስ፣ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነውን አሸዋ ጭምብል አድርጎ ለብቻው መያዝ፣ ምሕዋሩም ያው እንዲሆን መጠንቀቅ። ካርታውን ሁለት ቀን አምሽታ አስተካከለችው።

የመጨረሻው ሪፖርት ላይ ዘዴው በአማካሪው ስም ሰፍሯል፤ ማስተካከያውም በ«ተጨማሪ ሥራ» ርዕስ ለብቻው ተከፍሎበታል። የግግሩ ገጽ ግን ማንም ስላልነካው እስከ ዛሬ «ቀልጧል» ይላል።