በርጩማ

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርገኛል፤ ቤቱ ይጠበኛል፣ ስልኬ ይሰለቸኛል፣ ሰው ሲያወራኝ እናደዳለሁ። ከሰዓት ላይ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ሐዋሳ ውስጥ የደበረው ሰው እግሩ ወዴት እንደሚወስደው ይታወቃል።

ፍቅር ሐይቅ ደርሼ መቀመጫ ፈለግኩ። ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ በጥንዶች ተይዟል (ይመቻቸው)። የተረፈው ጥላ የካፌ ነው፣ ገና ቁጭ ሳልል "ምን ልታዘዝ?" መጣ። ማኪያቶ አልጠላም። ግን ሐይቅ ለማየትም ማዘዝ ግድ ሆነ እንዴ?

እማዬ ትዝ ያለችኝ ይሄኔ ነው። ሐኪሟ ለስኳሯ "በእግርዎ ይሂዱ" ብሏታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይላል፤ በቀን ሲካፈል ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ ቀላል ይመስላል። የእማዬን ጉልበት የምታውቁ ግን ታውቃላችሁ። ትንሽ ትሄድና ማረፍ አለባት። ከሰፈራችን እስከ ሐይቁ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር የለም፤ ያለው የሱቁ ልጅ ነው፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ያስቀምጣታል። እሱ ሱቁን የዘጋ ቀን እሷም ከመንገድ ትመለሳለች። የእናቴ የደም ስኳር በአንድ ልጅ ደግነትና በአንድ ባዶ ሳጥን ላይ ተንጠልጥሏል ስላችሁ አላጋነንኩም።

አንድ ሆላንዳዊ የከተማ ደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሕግ አለ፣ ሦስት፣ ሠላሳ፣ ሦስት መቶ የሚባል። ከመስኮትህ ቢያንስ 3 ዛፍ ይታይህ፣ ከሰፈርህ 30 በመቶው በዛፍ ጥላ ይሸፈን፣ ፓርክ ከቤትህ ከ300 ሜትር አይራቅ ነው የሚለው። በእኛ ቤት ሞከርኩት። ከመስኮታችን የሚታየው አንድ አቮካዶ ነው፣ እሱም የጎረቤት። 300 ሜትሩን እንተወው፣ እዚያ ለመድረስ ባጃጅ ያስፈልጋል።

የሚገርመው ሠላሳው ነው። ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ብታዩ አረንጓዴ ናት፣ ያስቀናል። ወርዳችሁ በእግር ስትሄዱ ግን ያ ሁሉ አረንጓዴ የት እንደገባ ግራ ይገባችኋል። አጥር ውስጥ ነዋ! አቮካዶው፣ ማንጎው፣ የሎጁ ሣር፣ ሁሉም በር አለው። ለመንገደኛ የቀረው ዘንባባ ነው። ዘንባባ ያምራል፣ ፎቶ ላይ ይወጣል፣ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሥሩ ቆማችሁ ጥላው የት እንዳለ ንገሩኝ። አሞራ ገደል ያሉት ጉሬዛዎች ከእኛ የተሻለ ጥላ አላቸው፣ የሚያዛቸውም አስተናጋጅ የለም።

ደግሞ ያ አቮካዶ ዝም ብሎ ዛፍ እንዳይመስላችሁ። ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ አሳይቷል። ጎረቤታችን ሰሞኑን ቅርንጫፎቹን ልቁረጣቸው እያለ ነው። ይሄን ጥናት ይዤ በሩን ላንኳኳ? እብድ ይለኛል።

ማታ ሁሉንም ለእማዬ አወራሁላት፣ ኡልሪክንም ሆላንዱንም ሳላስቀር። ቡናዋን እየቆላች ሰማችኝና "ታዲያ በርጩማውን ይዘን እንሂዳ" አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ነገ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ በርጩማው፣ ፔርሙሱ፣ ጃንጥላው ሁሉ ታስቧል። ማን እንደሚሸከም አልተነገረም፣ ግን ቤት ውስጥ ሁለት ነን፣ አንዳችን ጉልበታችንን ያመናል።

ስለ ከተማ ጥላ ይሄን ሁሉ የጻፍኩ ሴትዮ አሁን የሚያሳስበኝ ምን መሰላችሁ? በርጩማ በራሴ ተሸክሜ በፒያሳ ሳልፍ ያ ልጅ፣ ያው የምታውቁት፣ ቢያየኝስ?