ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም

ፒያሳም ሆነ መርካቶ፣ ግድግዳው ላይ የሒሳብ ቁጥር ያልለጠፈ ሱቅ ማግኘት እየከበደ ነው። የክፍያው መልእክት ግን የሚገባው በባለቤቱ ስልክ ሲሆን ዕቃውን የሚያስረክበው ሻጩ ነው። እሱ የሚያየው የደንበኛውን ስክሪን ብቻ። አጭበርባሪ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ስክሪንሾት ላይ ስምና መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የባሰው ደግሞ 50 ብር በትክክል ልኮ 5,000 አስመስሎ ማሳየት ነው፤ የግብይት ቁጥሩ እውነተኛ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ያመሳከረ ሰው ይሸወዳል። መጠኑን ከራስ ሒሳብ ላይ ማየት ግድ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ያው ጽሑፍ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ከመጣ ሰው የጻፈው ነው፣ አለቀ።

«ኔትወርክ የለም፣ ቆይቶ ይገባል» ለሚል ደንበኛ፦ *127# ዳታ አይፈልግም፣ የንግድ ባንኩ *889#ም እንደዚያው። ቀሪ ሒሳብ ከክፍያው በፊትና በኋላ ይታይ፣ ልዩነቱ ይቆጠር።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሲም አውጥቶ፣ መልእክቱ በእሱ እንዲገባ አስመዝግቦ፣ ባለ በተን ስልክ ካሸሩ ጋ ማስቀመጥ። የሚስጥር ቁጥሩን ሻጩ ማወቅ የለበትም፤ ቀሪ ሒሳቡን ባለቤቱ ያያል፣ ለሻጩ መልእክቱ ይበቃዋል።

ብዙ ሻጭ ይህን ሁሉ እያወቀ «ደንበኛ ይቀየማል» ብሎ ዝም ይላል። ይሉኝታ! የብር ኖት ወደ ብርሃን አንስቶ ሲያይ የሚቀየም የለም እኮ።